አልጋ አጣቢዋ እትዬ ሩቅያ

የእትዬ ሩቅያን ሞት የሰማነው በድምፅ መልእክት ነው። ልጇ ከአገሯ፣ ከሐይቅ ከተማ ላከችልን። ከሥራ ወደ መኖሪያችን ወደ አጅማን በሚመልሰን የኩባንያው ባስ ውስጥ ሆነን አዳመጥነው። "እናቴ ወደ አኼራ ሄዳለች፤ አብራችኋት የሠራችሁ ሁሉ አፉ በሏት" ትላለች። ባሱ መንገድ ተዘግቶበት ቆሞ ነበር። 

አርብ ዕለት እኛ ክፍል ተሰብስበን ዱዓ አደረግን። ቴምርና ውሃ አቀረብን። ወንበር ስለሌለን ሴቶቹ በየአልጋው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ዱዓው ካበቃ በኋላ አንዷ፣ "ምስኪን! አንዲት ይቅርታ አልልም ብላ ሥራዋን አጥታ፣ ባዶ እጇን አገሯ ገባች" አለች። ሌላዋ ደግሞ፣ "ግትር ነበረች፣ አላህ ይዘንላት" ብላ ጨመረችበት።

እኔ ብዙ መናገር አልወድም። ያን ዕለትም ዝም አልኩ፤ የዱዓ ቤት የክርክር ቤት አይደለም። ዝም ማለቴ ግን እንደ መስማማት እንዲቆጠርብኝ አልፈልግም። እትዬ ሩቅያ ምስኪን አልነበረችም። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ሆስፒታል ከመግባቴ በፊት ዱባይ፣ ሚርዲፍ ውስጥ በአንድ ቪላ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ማዳም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ዓይኗን ግን ምንም አያልፈውም። ጠረጴዛ ከወለወልኩ በኋላ ጎንበስ ብላ ከብርሃን ጋር አስተያይታ ትመለከተዋለች። አንዲት የውሃ ጭረት ካገኘች፣ "ሀያት! ሹ ሃዛ?" ትላለች፤ ምንድን ነው ይሄ ማለቷ ነው። እኔም ማጠብ ብቻ ሳይሆን ማድረቅ፣ ማድረቅ ብቻ ሳይሆን መስታወት አስመስሎ መተው ለመድኩ። እጄ ሳላዘው ያደርቃል።

አሠሪዎቼ ወደ ሌላ አገር ሲዛወሩ፣ ለሆስፒታሎች የጽዳት ሠራተኛ የሚያቀርብ ኩባንያ ውስጥ ገባሁ። የተመደብኩበት ሆስፒታል ሻርጃ ነው፤ ከላይኛው ፎቅ መስኮት የአል መጃዝ ሕንፃዎች ይታያሉ። ስሙን አልጠራም። ሱፐርቫይዘራችን ናቢል የሚባል ሰው ነበር። ምድር ቤት ባለው ክፍል ሰብስቦ የትኛው ጨርቅ ለሽንት ቤት፣ የትኛው ለአልጋ እንደሆነ አሳየን። የጀርም መድኃኒቱን ጠርሙስ ከፍ አድርጎ፣ "ይህን ቀብታችሁ ተዉት። በራሱ ይደርቃል" አለን። ሰማሁት። እጄ ግን አልሰማውም።

በማግሥቱ ከእትዬ ሩቅያ ጋር መደበኝ። አምሳን ያለፈች፣ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ናት። የሻሿን ጫፍ በዩኒፎርሟ አንገትጌ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። መነፅሯ በክር ታስሮ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። "አንቱ" ብዬ ልጀምራት ስል ከለከለችኝ።

"አንቱ አትበይኝ። የለበስነው አንድ ነው። እትዬ ካልሽኝ ይበቃል።"

በሽተኛው የወጣበት ክፍል ደረስንና በሩን አንኳኳች።

"ሰው አለ እንዴ?" አልኳት።

"የለም።"

"ታዲያ ለምን ታንኳኪያለሽ?"

"ትናንት የሰው ቤት ነበር፣ ማታ የሰው ቤት ይሆናል። ያለ ሰላምታ ዘው አትበይበት።" ቢስሚላህ ብላ ገባች።

አንሶላውን ሳታራግፍ ወደ ውስጥ ጠቅልላ ከረጢት ውስጥ ከተተችው። መጋረጃውን አወረደች። መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በመድኃኒቱ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከንጹሁ ወደ ቆሻሻው። የአልጋውን ግራ ጎን ለእኔ ተወችልኝ። እኔም መድኃኒቱን በአልጋው መደገፊያ ብረት ላይ ቀባሁና፣ ወዲያው ደረቅ ጨርቅ አንሥቼ እስኪያብረቀርቅ ወለወልኩት። ፊቴ እስኪታየኝ ድረስ። ኮርቼ ቀና ስል እትዬ ሩቅያ መነፅሯን አድርጋ ታየኛለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እያደረቅኩት ነዋ።"

"ማን አድርቂ አለሽ?"

"እርጥብ ነው እኮ፣ እትዬ።"

"እርጥብነቱ እኮ ነው ሥራው! አንቺ መድኃኒቱን ጠርገሽ አነሣሽው፤ ጀርሙ አሁን ብረቱ ላይ ቁጭ ብሎ ዱዓ እያደረገልሽ ነው።" ጨርቁን ከእጄ ወሰደችው። "የማን ቤት ሠርተሻል?"

"ሚርዲፍ።"

"አውቄዋለሁ! ከቪላ የመጣች ሁሉ መጀመሪያ ብረት ትወለውላለች። የማዳም በሽታ ነው። ይድናል፣ አብሽሪ።"

አልጋውን በሙሉ እንደ አዲስ አሠራችኝ። ስንጨርስ እጃችንን ታጥበን በሩ ላይ ቆምን። ብረቱ እርጥብ ሆኖ፣ ጭረቱ እየታየ፣ ቀስ እያለ ይደርቃል። እጄ በላኝ።

"ይገባኛል" አለችኝ። "እዚያ የምታጸጂው ለሚታይ ነገር ነበር። እዚህ ለማይታይ ነገር ነው። ለማይታይ መሥራት ደግሞ አይከብድሽም፤ ትሰግጂ የለ?"

ይህን ንግግሯን ከማንም ዑስታዝ ከሰማሁት በላይ እይዘዋለሁ። ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ብረት ሲደርቅ ከማየት የበለጠ ከባድ ሥራ አልነበረኝም። የመጀመሪያ ልጄ ስትታመምብኝ እንኳ እጄን አጣምሬ ቆሜ አላውቅም።

በአገሯ ጀናዛ አጣቢ ነበረች። በሐይቅ ዙሪያ ሴት ስትሞት የሚጠሩት እሷን ነበር፤ ከእናቷ የተማረችው ነው። ይህን የነገረችኝ ብዙ ቆይታ፣ አንዲት እናት የሞተችበትን ክፍል ስናጸዳ ነው። እኔ ፈርቼ በር ላይ ቀርቼ ነበር። እሷ እንደ ሁልጊዜው ከቀኝ በኩል ጀመረች።

"ለምን ሁልጊዜ ከቀኝ?" አልኳት ካለሁበት ሆኜ።

"ጀናዛ የሚታጠበው ከቀኝ ነው። እጄ በዚያ ለምዷል።" ጨርቁን ገልብጣ ቀጠለች። "ሰዎች ሬሳ ማጠብ ያስፈራል ይላሉ። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሬሳ እንዲህ አጠብሽኝ ብሎ አይናገርብሽም። ስትጨርሺ ከፍነሽ ትሰጫለሽ፣ ማንም ገልጦ አያይም። ብትሸውጂ የሚያውቀው አንድ አላህ ነው። አልጋም እንደዚያው ነው።"

"ጀናዛ እኮ በቶሎ ነው የሚባለው።"

"ቶሎ ይቀበራል እንጂ ቶሎ አይታጠብም።"

እንዲህ ነበረች። ቃሏ አጭር፣ መልሷ ዝግጁ። ሌሎች የፎቁ ሠራተኞች "ሐጃ" እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ ሐጅ አላደረገችም። "ኢንሻላህ በሉ እንጂ በነፃ አትሹሙኝ" ትላቸዋለች። ክፍሉ አልቆ፣ አዲሱ አንሶላ ተነጥፎ፣ የነርስ መጥሪያው ደወል ትራሱ አጠገብ ከተቀመጠ በኋላ፣ የእጇን ጀርባ አልጋው ላይ አሳርፋ ትመርቀዋለች። ለአልጋው ነው የምትናገረው። "ተሸክመው ያስገቡብሽን በእግሩ አስወጪው" ትላለች። አሚን የምለው እኔ ነበርኩ፤ አልጋውን ወክዬ።

እሺ ባይ አልነበረችም። አንድ ሰሞን ጓንት አነሰና፣ ናቢል በአንድ ጓንት ሁለት ክፍል እንድንሠራ ነገረን። ሌሎቻችን አጉረምርመን ልንቀጥል ነበር። እትዬ ሩቅያ ከመጀመሪያው ክፍል ወጥታ ጓንቷን ጣለች፣ እጇን ታጠበች፣ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው በር ላይ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችበት።

ናቢል መጣ። "ያላ ሐጃ፣ ሹግል!"

"ሥራው አለ፣ ጓንት የለም። እኔ አንዱን በሽተኛ ከሌላው ጋር ለማጋባት አልመጣሁም።"

"ከየት ላምጣልሽ?"

"እኔ እዚህ ነኝ። የትም አልሄድም።"

ናቢል እየተሳደበ ወረደ። ሲመለስ የጓንት ካርቶን ተሸክሞ ነበር። ከየት እንዳመጣው ዛሬም አላውቅም። ስለ ናቢል አንድ ነገር ልናገር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆቹን በስልኩ ያሳየን ነበር። የሚያዋክበን እሱ ራሱ የሚፈራው ሰው ብዙ ስለነበር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቀን ልምጣ።

ብርዱ የገባበት፣ የሳል ወቅት ነበር። ድንገተኛ ክፍሉ ሞልቶ በሽተኛ በኮሪደር ይጠብቃል። የእትዬ ሩቅያ ቪዛ ሊያልቅ ሳምንታት ቀርተውታል፣ ኩባንያውም ያድስ አያድስ ገና አልነገራትም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ባልዋ የሞተባት ልጇ ከነልጆቿ የምትኖረው በእሷ እጅ ነው። በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ከዚህ ሥራ ከወጣች ሌላ ቦታ የሚቀጥራት እንደሌለም ታውቃለች። በዚያ ሰሞን በየሰላቱ መጨረሻ እጇን ዘርግታ ትቆይ ነበር። የምትለምነው ምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ መጠየቅም አያስፈልግም።

ከቀትር በኋላ ተላላፊ በሽታ የነበረበት ሰው ከአንድ ክፍል ወጣ። በሩ ላይ የማስጠንቀቂያው ምልክት ገና አልተነሣም። ጋውን ለብሰን፣ ማስክ አድርገን ገባን። ሥራችንን ጨርሰን፣ የመጨረሻውን መድኃኒት ቀብተን፣ እስኪደርቅ በሩን ገርበብ አድርገን ወጣን። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሽማግሌ በስትሬቸር ተኝተው ይጠብቃሉ፤ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሟል። ሽማግሌው ያስላሉ። ልጁ ደክሞታል፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደቆመ ያስታውቃል።

ናቢል እየሮጠ መጣ። "አላለቀም?"

"አልቋል። እየደረቀ ነው" አለች እትዬ ሩቅያ።

"ነሽፊ፣ ኸላስ! በጨርቅ አድርቂውና ልቀቂ። ድንገተኛ ክፍሉ እየጮኸ ነው።"

"ትንሽ ነው የቀረው።"

"ትንሽ የለም! ሰውየውን አታዪም?"

"አያለሁ። ለሳቸው ብዬ ነው።"

"ሐጃ፣ ዛሬ ሌላ ቀን ነው።"

"በሽታው ይህን ያውቃል?"

ናቢል ከትሮሊው ላይ ደረቅ ጨርቅ አነሣና ራሱ ሊገባ ወደ በሩ ተራመደ። እትዬ ሩቅያ ቀደመችው። የሞፑን እንጨት ከመቃን መቃን አጋድማ በሩ ላይ ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"በእኔ እጅ የታጠበ አልጋ ሳይደርቅ ሰው አይተኛበትም። ሌላ አጣቢ ካለህ ጥራና ከመጀመሪያው ያጥበው።"

 ቪዛዋን አሰብኩ። እሷም እንዳሰበችው አውቃለሁ፤ እንጨቱን ግን አላነሣችም።

በዚህ ጊዜ ልጁ መጣባት። "አባቴ እዚህ እያሳለ አንቺ በር ትዘጊያለሽ? ማን ነሽ አንቺ?"

እትዬ ሩቅያ እንጨቱን ለእኔ ሰጠችኝ። ጓንቷን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ ወደ እሱ ሄደች። ዓረብኛዋ በብዙ ዓመት የለመደችው የቤት ውስጥ ዓረብኛ ነው፤ ሞቅ ያለ።

"ልጄ፣ አባትህን ያስጠበቅኳቸው እኔ ነኝ። ማንም አይደለም። ይቅር በለኝ" አለችው። "እዚያ የነበረው ሰው ድኖ ወጥቷል፤ በሽታውን ግን ይዞት አልሄደም። አባትህ በራሳቸው በሽታ ላይ የእሱን እንዲጨምሩ አልፈልግም።"

ከዚያ ከነርሷ አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ለምና የሽማግሌውን እግር ሸፈነች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት። ልጁ ግን አልበረደለትም። አላዝንበትም፤ አባቱ ናቸው። ወደ አስተዳደር ሄዶ ከሰሳት።

አልጋው ደረቀ። አነጠፍነው። እትዬ ሩቅያ የእጇን ጀርባ አሳርፋ መረቀችውና በሩን ወለል አድርጋ፣ "ተፈደሉ" አለች፤ ግቡ ማለቷ ነው።

ክሱ ወደ ኩባንያው ደረሰ። ከዱባይ ሥራ አስኪያጁ ሊመጣ ነው ተባለ። ናቢል ለብቻዋ ጠርቶ አነጋገራት። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት 'ሶሪ' ትበል፣ ቪዛዋ ይታደሳል፣ ነገሩ ኸላስ። አንድ ቃል ብቻ።

ሥራ አስኪያጁ በሚመጣበት ቀን ምሳ ሰዓት በዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ተቀምጠናል። ብርቱካንም አለች። ብርቱካን የሆሳዕና ልጅ ናት፣ ጴንጤ፤ እሑድ እሑድ ዱባይ በኪራይ አዳራሽ ትዘምራለች። እትዬ ሩቅያን እንደ እናቷ ትወዳታለች፤ ስለምትወዳትም ትቆጣታለች።

"እትዬ፣ ሶሪ ማለት እኮ እዚህ አገር ሰላምታ ነው። ሊፍት ውስጥ ሰው ቢረግጥሽ ሶሪ የምትይው አንቺ ነሽ።"

"እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ስለው ነው የምውለው።"

"ታዲያ ዛሬ አንዷን ጨምሪባት! ምን ጎደለብሽ?"

ሳቅን። እሷም ሳቀች።

"ጌታ ትሑት ሰው ይወዳል፣ እትዬ።"

"የእኔም ጌታ ይወዳል፣ ብርቄ። ትሕትና ሌላ፣ ውሸት ሌላ። ያስጠበቅኩትን ሰው ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ይገባው ነበር። ኩባንያውን ምን አደረግኩት?"

 እኔ አላስቻለኝም፤ እናት ነኝ። "የልጅሽ ልጆችስ?" አልኳት።

የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። ፊቷ ተለወጠ።

"እነሱን አታንሺብኝ።" ዳቦውን ጠቅልላ፣ "ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም" አለች። "ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው ብዬ ተኝቼ፣ እንደገና እነሣለሁ። ግን አስቢው። እኔ ዛሬ ሶሪ ካልኩ ነገ ለአንቺ ምን ይሉሻል? ሩቅያ እንኳ ጥፋቷን አምናለች ይሉሻል። አንቺም ታደርቂያለሽ። ከአንቺ ቀጥሎ የምትመጣዋ ደግሞ ሥራው ማድረቅ ነው ብላ ትማራለች። ሁላችሁም የሚርዲፍ ትሆናላችሁ!"

ልታስቀን ፈልጋ ነበር። ብርቱካን ግን አለቀሰች።

ስብሰባው ምድር ቤት ነበር፤ ናቢል መጀመሪያ ባስተማረን ክፍል። ሁላችንም ቆመናል፤ ሐበሻው፣ ፊሊፒኖው፣ ኔፓሉ፣ ባንግላዴሹ። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ነው፤ አልጮኸም። እንግሊዝኛ እንጂ ዓረብኛ አይችልም። የእትዬ ሩቅያ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ"ክሊን" እና "ፊኒሽ" ብዙም አያልፍም። ስለዚህ እኔ እንድተረጉም ተጠራሁ። በትምህርት ቤት የተማርኩትና ማዳም ቤት ከልጆቹ ጋር ያሻሻልኩት ለዚያ ቀን ኖሯል።

"ኩባንያው ዕድሜዋን ያከብራል" አለ። "የምንፈልገው ቀላል ነው። ለተፈጠረው መዘግየት ኩባንያውን ይቅርታ ትጠይቅ፣ ከእንግዲህም የሱፐርቫይዘሯን ትእዛዝ እንደምትፈጽም ቃል ትግባ። በዚህ እንዘጋዋለን።"

ተረጎምኩላት። እትዬ ሩቅያ ለጸሎት እንደሚቆም ሰው እጇን አጣምራ አዳመጠች። ከዚያ በአማርኛ ተናገረች።

"ያስጠበቅኩት በሽተኛውን ነው። ልጁን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ አሁን ቢመጣም እደግምለታለሁ። ኩባንያውን አልበደልኩም፤ ሥራውን ነው የሠራሁለት። ነገም እንዲህ ያለ አልጋ ቢመጣ ሳይደርቅ አለቅም። ያልሆንኩትን ነኝ ብዬ ቃል አልገባም።"

 ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ከፊታችን ከቆሙት አንድም አማርኛ የሚሰማ የለም። የሷ ዳቦ፣ የልጅ ልጆቿ ዳቦ በእኔ አፍ ውስጥ ነበር። "ይቅርታ ጠይቃለች" ብል ያበቃል። ሥራ አስኪያጁ ይደሰታል፣ ናቢል ይተነፍሳል፣ ቪዛው ይታደሳል። ብርቱካን ከኋላዬ ቆማ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "ሶሪ ብላለች በይ! በናትሽ ሀዩ፣ ሶሪ ብላለች በይ!" ትለኛለች በሹክሹክታ።

እትዬ ሩቅያ ሰማቻት። ወደ እኔ ብቻ ተመለከተች።

"ሀያት፣ እንዳልኩት።"

አላህ ምላሴን አላሰረውም፤ አመሰግነዋለሁ። እንዳለችው ተረጎምኩት። አንድም ቃል አላለዘብኩም። ድምፄ መጀመሪያ ቀጥኖ ወጣ፤ "ሳይደርቅ አለቅም" የሚለው ላይ ስደርስ ግን ቀጥ አለ።

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን ቋጠረ። "ይህ እሷ ያለችው ነው ወይስ አንቺ የጨመርሽው?"

"እሷ ያለችው ነው፣ ሰር። እኔን ቢጠይቁኝም ያው ነው፤ እኔ ግን አሳጥረው ነበር።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። "ቪዛዋ እንደማይታደስ ገብቷታል?" አለ።

"ገብቶኛል በይው" አለች፤ ይህን ሳልተረጉምላት። አንዳንድ ቃል ትርጉም አይፈልግም።

ቪዛዋ አልታደሰም። ሲያልቅ ወደ ሐይቅ ገባች። ልጇም የልጅ ልጆቿም በጠባብ ኖሩ እንጂ አልተራቡም፤ አልሀምዱሊላህ። አገሯ ገብታም ጀናዛ ማጠቧን ቀጠለች። አንዳንዴ ድምፅ ትልክልኝ ነበር። "አልጋዎቼ እንዴት ናቸው?" ትላለች፣ ልጆቿን እንደምትጠይቅ ሁሉ። ስለ ሥራ አስኪያጁም፣ ስለ ቪዛውም አንድ ቀን አንሥታ አታውቅም። ስትሞት ያጠበቻት ልጇ ናት፤ ራሷ አስተምራት ነበር።

ያን ዕለት ያ በር ላይ ባትቆም ሽማግሌው ይታመሙ ነበር? አላውቅም። ስለቆመች የዳነ ሰው አለ? እሱንም አላውቅም። የእኛ ሥራ እንዲህ ነው፤ የተሳካ ሥራ የሚያስቀረው በሽታ አይታይም። ምስክር ሆኖ የሚቆምልን በሽተኛ የለም። እሷ ይህን እያወቀች ነው በሩ ላይ የቆመችው። ስለዚህ ምስኪን አትበሉብኝ።

ደግሞ ከስብሰባው በኋላ የሆነውን አብዛኛው ሰው አላየም። እኔ ግን ነበርኩ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ዱባይ ሄደ። ሰው እንደ ለቅሶ ቤት አንገቱን ደፍቶ ተበተነ። እትዬ ሩቅያ ሰዓቷን አየች። "ፈረቃችን አላለቀም" አለችኝና ወደ ሊፍቱ ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ባዶ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። አንኳኳች። ቢስሚላህ አለች። እንደማንኛውም ቀን አንሶላውን ጠቀለልን፣ መጋረጃውን አወረድን፣ አጠብን፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ከሥራ የተባረረች ሴት እጅ አይመስልም። ፍራሹን ገልብጣ ከሥር አጠበች፣ የመብራት ማብሪያውን አጠበች፣ የግሉኮስ መስቀያውን እስከ ጎማው ድረስ አጠበች። መድኃኒቱን ቀባን። እጃችንን ታጠብን። እሷ ከበሩ ውስጥ በኩል ትሮሊውን ማስተካከል ጀመረች።

ናቢል መጣ። ኮሪደሩ አሁንም በስትሬቸር እንደተሞላ ነው። ወደ ውስጥ አየ። ብረቱ እርጥብ ነው፣ ይታያል። እኔ እንዳያነሣው እጄን ደረቁ ጨርቅ ላይ አድርጌ ቆምኩ፤ የሚለውን አውቄ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን አልገባም። ከበሩ ውጪ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ነርሷ ከወዲያ በኩል በፍጥነት መጣች። "ናቢል፣ ይህ ክፍል ዝግጁ ነው? ላስገባ?"

ናቢል ከግድግዳው ተነሥቶ በሩ ፊት ቆመ።

"ለሳ" አላት፤ ገና ነው። "አልደረቀም።"

እትዬ ሩቅያ ቀና እንኳ አላለችም። ባልዲዋን እያጠበች ነበር።